የመጨረሻው ሰው ሲነሣ፤ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስለሚመዘገቡ የክትትል ኹነቶች

(የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች፤ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረጉት ንግግር)



 ከእኛ በፊት የተነሡት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ጓደኞቻችን ግጥማቸውን አንብበው አስደስተዋችኋል፤ የስፖርት ክበብም ዋንጫውን ከፍ አድርጎ አሳይቷችኋል። እኛ የምናሳየው ዋንጫ የለንም። ይዘን የመጣነው አንድ ስሕተትና ከስሕተቱ የተማርነውን ነገር ነው። ስሕተቱ የራሳችን ሲሆን በእርሱ ምክንያት የተወቀሰው ግን ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንሥተን ልንነግራችሁ እንወዳለን።

በቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ የሚዋስ ተማሪ ቀድሞ የሚመዘገበው በትልቅ መዝገብ ላይ በእጅ ነበር። ክበባችን ይህንን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አኖረ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ማለት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ሰው በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው፤ ዛሬም በየአገሩ ያሉ ብዙ ሰዎች በኅብረት የሚያሳድጉት፤ ማንም ሰው ሳይከፍል ሊወስደውና አሠራሩን ገልጦ ሊያነበው የሚችል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የጀመረው ተማሪ መሆኑን በሰማን ጊዜ ደስ እንዳለን አንደብቅም።

ፕሮግራማችን ሰው ሲቀንስ ደኅና ይሠራል። በዕረፍት ሰዓት ግን ተማሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ይንቀራፈፍ ጀመር። ሰልፉ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እስከ ደጃፍ ይደርሳል፤ ደወል ሲደወልም ግማሹ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ልጆቼ፤ ለእኔስ የድሮው መዝገብ ይሻለኝ ነበር» ባሉን ጊዜ አፈርን።

እንግዲህ መዘግየቱ ከየት እንደ ሆነ ማወቅ ነበረብን። መጀመሪያ ያደረግነው ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነገር በሠራ ቍጥር «ይህን ጀመርኩ፤ ይህን ጨረስኩ» እያለ በፋይል ላይ እንዲጽፍ አዘዝነው። ይህም መድኃኒት ከበሽታው የባሰ ሆነ። ሰው አነበበውም አላነበበውም ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል፤ በመጻፉም ይበልጥ ይዘገያል። ከዚህም በላይ የጻፈው ሁሉ ስለ ራሱ ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት ዲስኩ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፤ ሌላ ፕሮግራም ተራውን ወስዶበት እንደ ሆነም ሊነግረን አይችልም።

ይህን ሊነግር የሚችለው ከርነል ብቻ ነው። ከርነል ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ፕሮግራሞች ሁሉ ዲስክን ቢፈልጉ፤ ማስታወሻ ቦታ ቢፈልጉ፤ የኮምፒዩተሩን አንጎል ለአንድ አፍታ ቢፈልጉ የሚለምኑት እርሱን ነው፤ ስለዚህ ማን መቼ ምን እንደ ወሰደ ያውቃል። ያወቀውንም እንዲመዘግብ ኤፍትሬስ የተባለው የክትትል መሣሪያ በ2008 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ውስጥ ገባ፤ ዋና ጸሐፊውም ስቲቨን ሮስቴት ይባላል። በከርነሉ ውስጥ በየስፍራው «የክትትል ኹነት» የሚባሉ ምልክቶች ተተክለዋል። ኹነት ስንል አንድ ነገር የሆነበትን ቅጽበት ማለታችን ነው፤ ይኸውም አንዱ ፕሮግራም ተራውን ለሌላው ሲለቅ፤ ለዲስክ ትእዛዝ ሲላክ፤ ይህንም የመሳሰለው ሁሉ ነው። ተመልካች ሲኖር ምልክቶቹ ከነሰዓታቸው ይመዘገባሉ፤ ተመልካች ከሌለ ዝም ይላሉ።

ነገር ግን ምልክቶቹን የተከሉት የከርነሉ ጸሐፊዎች ናቸው። ከርነሉ ስለ ዲስክ ያውቃል እንጂ በእኛ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መውጣቱን ከየት ያውቃል? ለዚህ ችግር መልስ የሚሆነው ዩዘር ኢቨንትስ የሚባለው ክፍል ነው። ይህም ማንኛውም ተራ ፕሮግራም፤ ፈቃድ ካገኘ፤ የራሱን ኹነት በራሱ ስም በከርነሉ መዝገብ ላይ የሚያስመዘግብበት መንገድ ነው። የጻፈው በማይክሮሶፍት የሚሠራው ቦ ቤልግሬቭ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ5.18 እትም ጋር ወደ ሊኑክስ ቢገባም ከፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት ውል ገና አላለቀም ተብሎ ተዘግቶ ቆየ። ውሉ እንደገና ተጽፎ ለሥራ የተከፈተው በ2023 እ.ኤ.አ. በ6.4 እትም ነው። አንድ ዓመት ያህል አቆይቶ ማስተካከሉን እኛ እናደንቃለን፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ለሕዝብ የተሰጠን ውል ኋላ መለወጥ ሺህ ፕሮግራሞችን ማበላሸት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ አንድ የተለየ ፋይል ይከፍትና ለከርነሉ ማመልከቻ ያቀርባል። በማመልከቻው ላይ የኹነቱ ስምና ኹነቱ ይዞ የሚመጣቸው ቍጥሮች ዓይነት ይጻፋል። የእኛ ኹነት ስሙ በላቲን ፊደል «መጽሐፍ ወጣ» የሚል ሲሆን ሁለት ቍጥሮች ይይዝ ነበር፤ አንዱ የመጽሐፉ ቍጥር፤ ሁለተኛው ተማሪው የጠበቀበት ጊዜ ነው። ከዚህም ጋር ፕሮግራሙ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ የአንዲት ቢት አድራሻ ይሰጣል። ቢት ማለት ወይ 0 ወይ 1 የምትሆን ትንሽ ምልክት ነች። ከርነሉ ማመልከቻውን ሲቀበል ለኹነቱ መጠሪያ የሚሆን ቍጥር ይመልስለታል።

ውበቱ በዚህች ቢት ላይ ነው። ማንም የማይከታተል ሲሆን ቢቷ 0 ናት። አንድ ሰው «መጽሐፍ ወጣ የሚለውን ኹነት ልከታተል» ብሎ ሲያበራ ከርነሉ ራሱ በፕሮግራሙ ማስታወሻ ውስጥ ገብቶ ቢቷን 1 ያደርጋታል፤ ሲያጠፋም ወደ 0 ይመልሳታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጽሐፍ ባወጣ ቍጥር ቢቷን አየት ያደርጋል። 0 ከሆነች ሥራውን ይቀጥላል፤ ያጠፋው ጊዜም ከምንም አይቈጠርም። 1 ከሆነች ግን መጠሪያ ቍጥሩንና ሁለቱን ቍጥሮች ለከርነሉ ይጽፋል። እነርሱም በከርነሉ የራሱ ኹነቶች መካከል በሰዓታቸው ተሰክተው ይገኛሉ።

እኛም በዚህ መንገድ በአንድ ዕረፍት ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን አገኘነው። ፕሮግራማችን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ዲስኩን «ጽፈህ ጨርስ» እያለ ቆሞ ይጠብቅ ኖሯል። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን አደረግነው፤ ሰልፉም አጠረ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሻይ ጋበዙን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ዋንጫ እንዳገኘ ሰው ደረታችንን ነፍተን በቆምን ነበር። ነገር ግን ኹነትን ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መቼ እንደሚነሣ ማወቅ ነው። ይህንንም አላሰብንበትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የ9ኛ ክፍል ጓደኛችን፤ በክበቡ ታናሹ፤ መልካም አሳብ አመጣ። የሚጠብቁት ተማሪዎች ከየትኛው ክፍል እንደ ሆኑ ቢታወቅ የየክፍሉን የዕረፍት ሰዓት ማለያየት ይቻላል አለ። ስለዚህ በኹነቱ ላይ ሦስተኛ ቍጥር፤ የክፍሉን ቍጥር፤ ጨመረበት። በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ላይ ሞከረው፤ ያለ እንከን ሠራ። በአንድ ሰኞ ጧት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ አኖርነው። ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ወደቀ። እንደገና አስነሣነው፤ እንደገና ወደቀ። ፈተና የቀረበበት ሳምንት ስለ ነበረ ተማሪው መጽሐፍ ይፈልጋል፤ መጽሐፍ ግን አይወጣም። ኃላፊው አሮጌውን መዝገብ ከሣጥን አወጡ።

በስክሪኑ ላይ የወጣው የስሕተት ቃል «አድራሻው ተይዟል» የሚል ነበር። ይህ ቃል ዘወትር የሚታየው በኔትዎርክ ሥራ ላይ ስለ ሆነ እኛ ትልልቆቹ፤ አዋቂ ነን ባዮቹ፤ ግማሽ ቀን የኔትዎርክ ሽቦ ስንፈትሽ ዋልን። ምንም ስናጣ ወደ ታናሻችን ዞርን። «አንተ ከመንካትህ በፊት ይሠራ ነበር፤ ፕሮግራሙን አበላሸኸው» አልነው። ይህንንም ያልነው በሰው ፊት ነው። እርሱም «በላቦራቶሪ ሠርቶልኛል» አለ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በማግሥቱ ወደ ክበቡ አልመጣም።

ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ብናበራው ኖሮ ችግሩ ወዲያው በጠፋ ነበር፤ በከርነሉ ውስጥ የተመዘገበ ኹነት ሁሉ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የፈተና ውጤት የሚገባው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ስለ ነበረ እንዳናጠፋው ታዘን ነበር። መብራቱም ሌላ ጊዜ ያለ ጥሪ የሚጠፋው በዚያ ሳምንት እንደ ንጉሥ ዘበኛ ቆሞ ሰነበተ። ዛሬ ስናስበው ይህ ለበጎ ነበር። ጠፍቶ ቢበራ ኖሮ ፕሮግራሙ ይሠራ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀር፤ ጓደኛችንም «አበላሽቶት የነበረው ልጅ» እንደ ተባለ ይቀር ነበር።

በምን እንዳገኘነው ከመንገራችን በፊት አንድ ኹነት እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እንደሚሰናበት እናስረዳ። ለዚህ የዕድር ድንኳን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ሐዘን በደረሰበት ቤት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ድንኳኑ መቼ ይነሣል? የተከለው ሰው ወደ ቤቱ ስለ ሄደ አይነሣም፤ በውስጡ ሌላ ለቀስተኛ ተቀምጧልና። አንድ ሰው እንኳ ተቀምጦ ሳለ ድንኳኑን በላዩ ላይ ማፍረስ ነውር ነው። ሁሉም ሄዶ ሳለ ደግሞ ድንኳኑ ተተክሎ ቢቀር ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ አይደርስም።

ከርነሉም እንደዚሁ ለእያንዳንዱ ኹነት ስንት ያዥ እንዳለው በቍጥር ይይዛል። ኹነቱን ያስመዘገበ ፕሮግራም ያዥ ነው። እንዲያውም በሁለት እጁ ይይዛል፤ በአንድ እጁ በከፈተው ፋይል፤ በሌላው እጁ አድራሻዋን በሰጣት ቢት። ስለዚህ ፋይሉን ዘግቻለሁና ለቅቄአለሁ ማለት አይበቃም፤ ቢቷም ከምዝገባ መነሣት አለባት። የሚከታተለው ሰውም ኹነቱን እስካላጠፋ ድረስ ያዥ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ የሚከታተሉትን ኹነት ከዐይናቸው ሥር ማንሣት ድንኳኑን በለቀስተኛው ላይ እንደ ማፍረስ ነውና። ሌላ ፕሮግራም በዚያው ስምና በዚያው የቍጥር ዓይነት ቢያስመዘግብ አዲስ ኹነት አይፈጠርም፤ እርሱም ወደዚያው ድንኳን ገብቶ ይቀመጣል፤ የያዦቹም ቍጥር ይጨምራል። ፕሮግራሙ ልጅ ፕሮግራም ቢወልድም ልጁ የወላጁን ምዝገባ ይወርሳል።

ፕሮግራም ሳይሰናበት በድንገት ቢሞትስ? ከርነሉ ለሟቹ እንደ ወራሽ ሆኖ ይገኛል። ፋይሎቹን ይዘጋለታል፤ ማስታወሻውን ሲያፈርስም የቢቶቹን ምዝገባ ሁሉ ያነሣለታል። ስለዚህ ሙት ኹነትን ይዞ አይቀርም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም በሕይወት ያለ ፕሮግራም ቢቷ ያለችበትን የማስታወሻ ቦታ ለሌላ ሥራ ሲያውለው ምዝገባውን ሳያነሣ ከቀረ ነው። ከርነሉ ይህን አያውቅምና ክትትል ሲበራ በዚያ ቦታ 1 ሊጽፍ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ማን እንደ ነካው በማያውቀው ምክንያት ይሳሳታል።

የመጨረሻው ያዥ ሲለቅ ከርነሉ ኹነቱን ራሱ ይሰርዘዋል። ይህ መልካም ልማድ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም የመዝገቡ ቦታ ወሰን አለው። አንድ አስተዳዳሪ ካልለወጠው በቀር ፕሮግራሞች ባንድ ጊዜ ሊያስመዘግቡ የሚችሉት ኹነት ከ32,768 አይበልጥም። ይህ ቍጥር ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም በየሰዓቱ የሚነሡና የሚወድቁ ፕሮግራሞች ባሉበት ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ሁሉም ስሙን ትቶ ቢሄድ ይሞላል።

እዚህ ላይ ያስደነቀን አንድ ጥቂት ነገር አለ። የመጨረሻው ያዥ በሚለቅበት ቅጽበት ከርነሉ ኹነቱን እዚያው አይሰርዘውም፤ ለመሰረዝ መዝገቡን መቈለፍ ያስፈልጋል፤ መቈለፍም በማንኛውም ሰዓት አይቻልም። ስለዚህ ስረዛውን በሥራ ሰልፍ ላይ ያቆመዋል። ተራው ደርሶ መዝገቡ ሲቈለፍም እንደገና ያያል። በመካከሉ አዲስ ፕሮግራም መጥቶ ኹነቱን ይዞት ከተገኘ ስረዛውን ይተወዋል። ድንኳን ሊያነሡ የተላኩ ጐልማሶች ከሩቅ አገር የመጣ ለቀስተኛ ገብቶ ተቀምጦ ቢያገኙት ገመዱን ለቀው እንደሚመለሱ ማለት ነው። ይህን የጻፈ ሰው ጨዋ አሳዳጊ ነበረው አልን።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆን አንድ ዓይነት ኹነት ግን አለ፤ እርሱም ያዥ ባይኖረውም እንዲቆይ የታዘዘ ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ ያስፈልጋል። ተከታታዩ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ አስቀድሞ ክትትሉን አዘጋጅቶ ለመጠበቅ ቢፈልግ ኹነቱ ቀድሞ መኖር አለበት። ለዚህም ልዩ ሥልጣን ይጠየቃል፤ ተራ ፕሮግራም «ይቆይልኝ» ቢል ከርነሉ አይፈቅድለትም። «ዳይናሚክ ኢቨንትስ» በሚባለው ፋይል ላይ በሙሉ ሥልጣን በእጅ የተጻፈ ኹነትም ከዚሁ ዓይነት ይቈጠራል። የዕድሩ ዳኛ «እኔ እስካዝ ድረስ ድንኳኑ ይቁም» እንዳሉ ማለት ነው። ዳኛው ማዘዛቸውን ከረሱት ድንኳኑ ቆሞ ይቀራል።

እነሆ፤ የረሳነው ዳኞች እኛው ነበርን።

በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ ሁሉንም ፕሮግራሞች ካቆምን በኋላ የኹነቶችን ዝርዝር የሚያሳየውን ፋይል ከፈተ። ባዶ መሆን ነበረበት፤ የሚሠራ ፕሮግራም የለምና። ነገር ግን «መጽሐፍ ወጣ» የሚለው ስም እዚያ ተቀምጧል፤ በጐኑም ኤፍትሬስ እየተጠቀመበት መሆኑ ተጽፏል። የኹነቱን ቅርጽ የሚናገረውን ፋይል ስናነብ ሁለት ቍጥሮች ብቻ፤ የመጽሐፉንና የመጠበቂያውን ጊዜ፤ አገኘን። በዚህ ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ከሦስት ሳምንት በፊት፤ ፕሮግራሙን ገና ስንጽፍ፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ያንኑ ስም በሙሉ ሥልጣን ገብተን በእጃችን አስመዝግበነው ነበር። ሙከራው አምስት ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። ክትትሉንም አብርተን ሳናጠፋው ቡና ለመጠጣት ወጣን።

ከዚያ ወዲህ አሮጌው ፕሮግራማችን በተነሣ ቍጥር ስሙም የቍጥሮቹም ዓይነት ስለሚገጥም በዚያው ኹነት ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኛም ምንም አላወቅንም። የጓደኛችን ፕሮግራም ግን በዚያው ስም ሦስት ቍጥር ይዞ መጣ። ከርነሉ አንዱን ስም በሁለት ቅርጽ ሊመዘግብ አይችልም፤ ቢመዘግብ ተከታታዩ የቱን ቅርጽ ይዞ ያንብብ? ስለዚህ «ተይዟል» ብሎ መለሰው። አድራሻ ያለው ስለ ስሙ ነበር እንጂ ስለ ሽቦ አልነበረም። በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ላይ የሠራለት የእኛ ርዝራዥ እዚያ ስላልነበረ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው እውነት ተናግሮ ነበር።

ሁለተኛም ጥፋት ነበረብን። ኹነቱ ባይመዘገብ እንኳ መጽሐፍ ማዋስ ለምን ይቆማል? ፕሮግራሙን ስንጽፍ ምዝገባ ካልተሳካ እንዲወድቅ ያደረግነው እኛ ነን። ዘበኛው ስላልመጣ ገበያውን እንደ መዝጋት ነው።

ኹነቱን ልንሰርዘው ስናዝ ከርነሉ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እንደገና ከለከለን። በዚህ ጊዜ ግን ቃሉ ገባን፤ ያዥ አለ ማለት ነው፤ ያዡም እኛው አብርተን የተውነው ክትትል ነው። አጠፋነው፤ ስረዛውን ደገምነው፤ ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። የጓደኛችንን ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳንለውጥ አስነሣነው። ሠራ።

ከዚያም ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ በዚያን ቀን ምን ያህል አፍረን እንደ ቆምን እርሳቸው ያውቃሉ። የተናገርነው በሰው ፊት ስለ ነበረ ይቅርታውንም በሰው ፊት ለመጠየቅ ቃል ገብተን ነበር፤ ስለዚህ አሁን በዚህ ሁሉ ጉባኤ ፊት ደግመን ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ፕሮግራሙን አላበላሸም።

ወደ ክበቡ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ሥራችንን እንዴት እንደምንይዝ የወሰነው እርሱ ነው። ለሙከራ የሚከፈት ኹነት በፕሮግራም በኩል ይመዘገባል እንጂ በሙሉ ሥልጣን በእጅ አይጻፍም፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ አብሮ እንዲሄድ። በግድ እንዲቆይ የሚያስፈልግ ከሆነ ያስመዘገበው ሰው ስሙንና ቀኑን በግድግዳችን ላይ ባለው ወረቀት ይጽፋል፤ ሲሰርዘውም ይሰርዝበታል። ወረቀቱ ለኮምፒዩተር ክበብ አያኮራም ብለን አጕረምርመን ነበር፤ ሆኖም እስካሁን ከእርሱ የተሻለ አላገኘንም። የኹነት ቅርጽ ሲለወጥም ስሙ አብሮ እንዲለወጥ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ 2፤ 3 እየተባለ እንዲቀጠልበት ተስማማን። ኋላ ስናነብ የሊኑክስ ጸሐፊዎችም ይህንኑ ችግር አይተውት ኖሯል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው በ6.9 እትም ፕሮግራሙ ከጠየቀ አንዱ ስም በብዙ ቅርጽ እንዲመዘገብ ፈቅደዋል፤ ከርነሉ ራሱ በስሙ ላይ መለያ ቍጥር ይቀጥልበታል። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ግን ከዚያ ባነሰ እትም ስለሚሠራ እኛ በእጃችን እንቀጥላለን።

ከምሳ በኋላ በላቦራቶሪው ክፍል ሁለት ኮምፒዩተሮች ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል። በአንዱ ላይ የመጽሐፍ ማዋሻው ፕሮግራም ይሠራል፤ በሁለተኛው ላይ የኹነቱን ዝርዝር ታያላችሁ። ክትትሉን ራሳችሁ አብርታችሁ ቢቷ 1 ስትሆን፤ ፕሮግራሙን በድንገት አቁማችሁ ኹነቱ በተከታታዩ እጅ ብቻ ተይዞ ሲቆይ፤ ክትትሉንም ስታጠፉ ስሙ ከዝርዝሩ ሲሄድ መመልከት ትችላላችሁ። የሚያስረዳችሁ የ9ኛ ክፍሉ ጓደኛችን ነው። ወላጆች እባካችሁ ልጆቹን ቀድማችሁ ግቡ፤ ክፍሉ ጠባብ ስለ ሆነ ኋላ ቦታ አይገኝም።